የኢንሱሊን ፓምፕ በአዲስ አበባ፦ ከእንጦጦ ብርድ እስከ ፍልውሃ ሙቀት

የኢንሱሊን ፓምፕ ማለት ለስኳር ሕመምተኛ ቀንና ሌሊት ትንሽ በትንሹ ኢንሱሊን የሚሰጥ፣ ሰውነት ላይ የሚያዝ ትንሽ ማሽን ነው። ማኑዋሎቹ ስለ ባሕር ዳርቻ፣ ስለ መዋኛ ገንዳና ስለ በረዶ ጨዋታ ይነግሯችኋል። ስለ ፍልውሃ፣ ስለ ጠበል፣ ስለ ምጣድ፣ ስለ ሚኒባስ ግፊያና ስለ ፎቅ መግቢያ ፍተሻ ግን የሚሉት የለም። እኛ የምንኖረው ደግሞ እዚህ ነው። እዚህ ያለ ብዙ ሰው ፓምፑም ሆነ መለዋወጫው የሚደርሰው በዘመድ ሻንጣ ነው፤ ሲበላሽ ሮጦ የሚተካ የለም። ስለዚህ ከአካባቢያችን ጋር የምናስማማበትን መንገድ ራሳችን ማወቅ አለብን።

መጀመሪያ የማይነካውን እንለይ። ፓምፑን ራሱን አትንኩት። መክፈት፣ በሲሊኮን ማሸግ፣ ስንጥቁን በማስቲሽ መድፈን፣ ውኃ እንዳይገባው ብሎ በላስቲክ ጠቅልሎ ማሰር፣ ይሄ ሁሉ ይቅር። ብዙዎቹ ፓምፖች የውስጡን የአየር ግፊት ከውጪው ጋር የሚያስተካክሉባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው። እነሱ ከተደፈኑ የሚወጣው ኢንሱሊን ልኩን ይስታል፣ እናንተም አታውቁም። የምናስማማው አለባበሳችንን፣ የምናስርበትን ቦታ፣ መያዣውንና ልማዳችንን ነው።

ሁሌ አብሯችሁ የሚዞር ቦርሳ

ፓምፕ ውስጥ የሚገባው እንደ ኖቮራፒድና ሁማሎግ ያለ ፈጣን ኢንሱሊን ብቻ ነው። ደፍረስ ያለው ኤንፒኤችም ሆነ ድብልቁ 70/30 በፍጹም አይገባበትም። ይህ ማለት ሰውነታችሁ ውስጥ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ረጅም ጊዜ የሚሠራ ኢንሱሊን የለም ማለት ነው። ቱቦው ቢታጠፍ፣ ካኑላው (ቆዳ ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) ቢነቀል ወይም ባትሪው ቢያልቅ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስኳራችሁ ይሰቀላል፣ ኬቶን (ኢንሱሊን ሲጎድል ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠር አሲድ) ይከተላል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ድንገተኛ ክፍል ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ኢንሱሊኑ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ለማድረግ ነው።

ስለዚህ ከቤት ስትወጡ፣ ሱቅ ድረስም ቢሆን፣ ትንሽ ቦርሳ ይኑራችሁ። ፈጣን ኢንሱሊን በፔን ወይም በብልቃጥ ከሲሪንጅ ጋር፣ አንድ ሙሉ ኢንፊውዥን ሴት (ቱቦውና ካኑላው ከነማጣበቂያው) እና ካርትሪጅ (ኢንሱሊኑ የሚሞላበት ዕቃ)፣ መለኪያና ስትሪፕ፣ የኬቶን ስትሪፕ፣ ባትሪ ወይም ፓወር ባንክ፣ ከረሜላ ወይም ስኳር። አንድ ወረቀትም ጨምሩበት። በወረቀቱ ላይ የየሰዓቱ ቤዛል (ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኢንሱሊን)፣ ለምግብ የምትወስዱት ልክ፣ የማረሚያው (ከፍ ያለ ስኳር ለማውረድ የሚሰጠው ኢንሱሊን) ልክ፣ ፓምፑ ቢሞት በቀን ስንት ዩኒት ረጅም ኢንሱሊን እንደምትወጉ ይጻፍ። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር አስቀድማችሁ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ያዙት። ፓምፑ ሲሞት ቅንብሩም አብሮ ይጠፋል፣ ያኔ በቃል ለማስታወስ መሞከር አደገኛ ነው።

ስኳራችሁ ያለ ምክንያት ከ250 ሚ.ግ/ዴ.ሊ በላይ ካገኛችሁት ኬቶን ለኩ። በፓምፕ የሰጣችሁት ማረሚያ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ካላወረደው ወይም ኬቶን ከታየ ፓምፑን አትመኑ፤ ማረሚያውን በፔን ወይም በሲሪንጅ ውጉ፣ ከዚያ ኢንፊውዥን ሴቱን በሙሉ ቀይሩ። ኬቶኑ ከፍ ካለ ወይም ማስታወክ ከጀመራችሁ ቤት አትቀመጡ፣ ሆስፒታል ሂዱ። ኢንፊውዥን ሴት ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ሁለት ሦስት ቀን የሚለውን ወደ ስድስት ሰባት ቀን አትጎትቱት። ቆዳው ይቆጣል፣ ኢንሱሊኑም በደንብ አይሰርግም።

ከፍታና የአየር አረፋ

ይሄ ለእኛ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገን ነው፣ ግን ሲወራ ብዙም አልሰማም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ካርትሪጁና ቱቦው ውስጥ ያለ የአየር አረፋ ወደ ላይ ስትወጡ ይነፋል፣ ስትወርዱ ይኮማተራል። ከአዋሽ የገዛችሁት የታሸገ ቺፕስ አዲስ አበባ ሲደርስ እንዴት ተወጥሮ እንደሚታይ አስቡ፤ አረፋውም እንደዚያ ነው። ሲነፋ ኢንሱሊኑን ወደ ሰውነታችሁ ይገፋል፣ ሲኮማተር ደግሞ መውጣት ያለበት ኢንሱሊን ይቀራል።

ልኩን እንየው። በተለመደው ዩ-100 ኢንሱሊን 1 ዩኒት ማለት 0.01 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ ቱቦ ውስጥ የምታዩት ለዓይን ትንሽ የሚመስል አረፋ የአንድ ዩኒት ቦታ ሊይዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት የአየር ግፊት በ200 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲቀንስ ሙሉ ካርትሪጅ የያዙ ፓምፖች ከ1 እስከ 1.4 ዩኒት ያህል ያልታዘዘ ኢንሱሊን እንደለቀቁ አሳይቷል። ከባሕር ወለል ወደ አዲስ አበባ ስትመጡ ግፊቱ የሚቀንሰው ወደ 180 ገደማ ነው፣ በጣም የቀረበ ቁጥር። ለትልቅ ሰው አንድ ዩኒት ላያናውጥ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ስድስት ሰባት ዩኒት ቤዛል ለሚወስድ ልጅ ግን ብዙ ነው።

መፍትሔው ከአሞላሉ ይጀምራል። ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ኢንሱሊን ወዲያው አትሙሉ፤ ሲሞቅ ውስጡ የሟሟው አየር አረፋ ሆኖ ይወጣል። ቀደም ብላችሁ አውጡትና የክፍሉን ሙቀት ይያዝ። ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ መርፌውን ወደ ላይ አቁሙ፣ በጣት መታ መታ አድርጉት፣ አየሩን መልሳችሁ ግፉት። ቱቦውን ስትሞሉ መስኮት አጠገብ ቁሙና ብርሃን ላይ ዘርግታችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ እዩት። ጫፉ ላይ ጠብታ እስኪታይ ቀጥሉ። ቱቦ በምትሞሉበት ጊዜ በፍጹም ከሰውነታችሁ ጋር የተያያዘ አይሁን። ይህን ደግሜ እላለሁ፦ መጀመሪያ ንቀሉ፣ ከዚያ ሙሉ። ካልሆነ የቱቦው ኢንሱሊን በሙሉ ሰውነታችሁ ውስጥ ይገባል።

ጉዞ ላይ ስትሆኑ ደግሞ ካርትሪጁን ጢም አታድርጉት፤ ለመንገዱና ለመጠባበቂያ የሚበቃውን ያህል ይበቃል። በአውሮፕላን ጊዜ ውጭ አገር የሚሰጠው ምክር «ሲነሳ ንቀሉ፣ ከፍታው ላይ ሲረጋጋ አረፋውን አውጥታችሁ መልሱ» የሚል ነው። ከቦሌ ስንነሳ ግን ነገሩ ይለያል። አብዛኛው አውሮፕላን የካቢኑን ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ባለ ከፍታ ልክ ነው የሚይዘው፣ ድሪምላይነር ደግሞ ከ1,800 ብዙም አያልፍም። እኛ ድሮውንም እዚያው ነን። ስለዚህ ስንነሳ ብዙ የሚለወጥ ነገር የለም። ዱባይ ወይም ሌላ ዝቅ ያለ ከተማ ለማረፍ ሲወርድ ግን አረፋው ይኮማተራል፣ ኢንሱሊን ይጎድላል። ሲያርፍ ንቀሉ፣ ቱቦውን እዩ፣ ሁለት ዩኒት ያህል ወደ ውጭ አፍስሱ፣ መልሱ፣ ስኳራችሁን ለኩ። ስትመለሱ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ከዚያ ሲነሳ ንቀሉ፣ ወጥቶ ሲረጋጋ አረፋ አጽድታችሁ መልሱ፣ ቦሌ ስታርፉም አንዴ ተመልከቱት፣ የስኳር መውረድንም ጠብቁ።

በመኪናም ያው ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው የአባይ በረሃ መንገድ በአጭር ርቀት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርድና መልሶ ይወጣል፤ በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። ደጀን ስትደርሱ ለኩ። ወደ አዋሽ ከወረዳችሁም ስትመለሱ እንዲሁ አድርጉ። እንጦጦ ለመውጣት ያሰባችሁ ደግሞ የፓምፓችሁን ማኑዋል የከፍታ ወሰን እዩ። ለምሳሌ ቲ-ስሊም ኤክስ 2 የተፈቀደለት እስከ 3,048 ሜትር ነው፤ የከፍታ ማስጠንቀቂያ ካሰማ ኢንሱሊን መስጠት ያቆማል፣ ስለዚህ ድምፁን ችላ አትበሉ። አንዳንድ የስኳር መለኪያ ስትሪፖችም የከፍታ ወሰን አላቸው፣ የማሸጊያው ወረቀት ላይ ተጽፏል።

ፍልውሃ፣ ጠበል፣ ምጣድ

ሙቀት ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ ኢንሱሊኑን ያበላሻል፦ ኖቮራፒድም ሁማሎግም ፓምፕ ውስጥ ሆነው ከ37 ዲግሪ በላይ ከሞቁ መጣል አለባቸው። ሁለተኛ የቆዳችሁን የደም ሥር ስለሚከፍት ቀድሞ የገባው ኢንሱሊን በፍጥነት ይሰርጋል፣ ስኳራችሁ ሳታስቡት ይወርዳል።

ፍልውሃ ስትገቡ ቱቦ ያለው ፓምፕ ይነቀል። «ውኃ አይገባውም» የሚለው ጽሑፍ ስለ ሙቅ ውኃና ስለ እንፋሎት አይደለም። የቆዳው ላይ ያለውን መግቢያ በክዳኑ ዝጉ። ፓምፑን ገላ መታጠቢያው ክፍል ውስጥ እንፋሎት ላይ አትስቀሉት፤ ደረቅ ፎጣ ጠቅልላችሁ ቦርሳ ውስጥ አድርጉና አብሯችሁ የመጣ ሰው ውጭ ይያዘው። ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይገጠም አይቆይ። ከመግባታችሁ በፊት ለኩ፣ ዝቅ ካለ ቀመስ አድርጋችሁ ግቡ፣ ስትወጡም ለኩ። እንደ ኦምኒፖድ ቆዳ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ፓምፕ ያላችሁ ግን ነቅላችሁ መመለስ ስለማትችሉ ሙቅ ውኃውም ሳውናውም ይቅርባችሁ፤ ካልቀረ ፖዱን በምትቀይሩበት ቀን፣ አሮጌውን ነቅላችሁ አዲሱን ከመለጠፋችሁ በፊት ግቡ። ወይባ ጢስም በዚሁ ይታያል፤ ጋቢ ውስጥ የሚታፈነው ሙቀት ቀላል አይደለም።

ጠበል ቀዝቃዛ ነው፣ ጣጣው ሌላ ነው። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሄዳችሁ ከመጠመቃችሁ በፊት ፓምፑን ነቅላችሁ ለምታምኑት ሰው ስጡ። አዲስ ሜድትሮኒክ 780ጂ እስከ 3.6 ሜትር ጥልቀት ለ24 ሰዓት ይችላል ይባላል፣ ቲ-ስሊም ግን 0.91 ሜትር ለ30 ደቂቃ ብቻ። ይህ ቁጥር ያልወደቀና ያልተሰነጠቀ ፓምፕ ላይ ነው የሚሠራው። የእናንተ ስንት ጊዜ ወድቋል? በጥምቀት ጃንሜዳ ስትሄዱም የሚረጨውን አስቡ፤ ፓምፑ ከውስጥ ልብስ ሥር ይሁን።

ስለ ጠበል አንድ ነገር በግልጽ ልበል። መጠመቅና ኢንሱሊን መውሰድ አይጣሉም። ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቆመ በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። «ጠበል ላይ ነኝና ፓምፑን ላስቀምጠው» የሚል ወንድም ወይም እህት ካላችሁ አትቆጡ፣ አትከራከሩ፣ ጎናቸው ሁናችሁ ከተጠመቁ በኋላ መልሰው እንዲያስሩት እርዷቸው። በባዶ ሆድ የሚሄድ ሰው ደግሞ ስኳሩ እንዳይወርድበት ይለካ። ቤዛሉን ለጊዜው ስለ መቀነስም ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር፤ ኪሱ ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ።

ምጣድ አጠገብ የሚቆም ሰው የፓምፑን ቦታ ያስብ። ወገብ ፊት ለፊት ካሰራችሁት ሙቀቱ በቀጥታ ነው የሚያገኘው፣ በተለይ አክንባሎው ሲነሳ። እንጀራ በምትጋግሩበት ቀን ወደ ጀርባ ወይም ወደ ጭን አዙሩት። መኪና ዳሽቦርድ ላይም በቀትር ፀሐይ ለደቂቃም አታስቀምጡት።

ብርድ፣ ዝናብና አቧራ

ከኅዳር እስከ ጥር የአዲስ አበባ ንጋት ይበርዳል። ብዙዎቹ ፓምፖች የሚሠሩት ከ5 ዲግሪ ጀምሮ ነው። በማለዳ መስቀል አደባባይ ለሩጫ የምትወጡ ወይም እንጦጦ የምትሮጡ፣ ፓምፑና ቱቦው ከልብስ ሥር፣ ሰውነት አጠገብ ይሁኑ። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣላል። ፍሪጅ ውስጥም ከበረዶ ቤቱ አርቁት።

ክረምት ሲገባ ትልቁ ችግር ማጣበቂያው ነው። ቆዳችሁን በሳሙና እጠቡ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ለጥፉ። ቅባት ወይም ቫዝሊን የነካው ቆዳ ላይ አይያዝም። ከላይ ግልጹን የቁስል ፕላስተር ጨምሩበት፤ ተለጣፊ ፓምፕ ከሆነ መሃሉን በመቀስ ቆርጣችሁ ዙሪያውን ብቻ ያዙ፣ ፓምፑን አትሸፍኑት። በበጋ ደግሞ አቧራ አለ፣ መንገድ በሚቆፈርበት ሰፈር የምታልፉ ታውቁታላችሁ። ማታ ማታ ፓምፑን በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት። ኢንፊውዥን ሴትና ካርትሪጅ መንገድ ላይ አትቀይሩ፤ ካፌ ገብታችሁም ቢሆን እጅ ታጥባችሁ ተቀመጡ።

መያዣ ማሰፋት

ከውጭ የሚመጣው መያዣ ውድ ነው፣ አያስፈልግምም። ሽሮ ሜዳ ያለ ልብስ ሰፊ ይሠራላችኋል። ከውስጥ ጥጥ ጨርቅ፣ መሃል ስስ ስፖንጅ፣ ከላይ ወፍራም ጨርቅ ይሁን። አፉ ወደ ላይ ሆኖ በቬልክሮ ይዘጋ፣ ጎኑ ላይ ቱቦው የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑረው፤ የቀዳዳው ጠርዝ ይዘምዘም፣ ካልሆነ ክሩ ቱቦውን ይይዘዋል። ከኋላ ላስቲክ ይሰፋበት። ላስቲክ ወይም ፕላስቲክ ከውስጥ አታስደርጉ፤ አየር ያፍናል፣ ላብም ይይዛል። የአገር ልብስ ስትለብሱ መቀነቱ ራሱ ጥሩ ቦታ ነው፦ ከረጢቱን ከመቀነቱ የመጀመሪያ ዙር ሥር አድርጉና በሁለተኛው ያዙት፣ ሲነዝር ለማየትም ቅርብ ነው።

ሚኒባስ ላይ ጠላታችን ተንጠልጣይ ቱቦ ነው። ሰው ሲጋፋ፣ ወያላው በሩን ሲስብ፣ የወንበሩ ብረት ሲይዘው ካኑላው ይነቀላል፣ እናንተ ደግሞ ቤት እስክትደርሱ ላታውቁ ትችላላችሁ። አጭሩን ቱቦ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያለውን፣ ምረጡ። ከካኑላው አጠገብ አንድ ዙር ክብ ሠርታችሁ በፕላስተር ቆዳችሁ ላይ ያዙት፤ ቢጎተት የሚላቀቀው ፕላስተሩ እንጂ ካኑላው አይሆንም። ከታክሲ ስትወርዱ በእጃችሁ ዳበስ አድርጉ።

ፍተሻ ላይ ደግሞ ጥበቃው ወገባችሁን ሲነካ ከመጠየቁ በፊት «የስኳር መድኃኒት መስጫ ማሽን ነው፣ ከሰውነቴ ጋር የተያያዘ ነው» በሉት። በተረጋጋ ድምፅ ከተናገራችሁ ብዙ ጊዜ ችግር የለም። በእጅ የሚያዘው የብረት መፈተሻ ፓምፑን አይጎዳውም። እንደ ሜድትሮኒክና ቲ-ስሊም ያሉት ግን በቦርሳ ራጅ ማሽንና ሙሉ ሰውነት በሚያነሳው ስካነር አይለፉ፤ ቦሌ ላይ በእጅ እንዲፈትሹ ጠይቁ፣ የሐኪም ደብዳቤም ያዙ። ኤምአርአይ ክፍል ፓምፕ ይዞ መግባት ፈጽሞ የለም።

መብራትና ሰዓት

በድንጋይ የሚሠራ ፓምፕ ካላችሁ የታሸገ ጥሩ ባትሪ ሁሌ ይኑራችሁ፣ ከመንገድ ላይ የሚገዛው ርካሹ ቶሎ ይሞታል። የሚቻርጅ ከሆነ እስኪያልቅ አትጠብቁ፣ መብራት ባለ ቁጥር ሙሉት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኃይሉ ስለሚዘል እኔ ፓወር ባንኩን ከሶኬት፣ ፓምፑን ከፓወር ባንክ መቻርጅን እመርጣለሁ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱት። የተከፈተ ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ በታች ለ28 ቀን ያህል ከፍሪጅ ውጭ ስለሚቆይ የአዲስ አበባ ጥላ አይጎዳውም።

ሰዓቱን ደግሞ አደራ። ፓምፑ የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠርን ነው። ቤተሰብ ውስጥ አንዱ ሊረዳችሁ ብሎ ከጠዋቱ 1 ሰዓትን 1 ኤኤም ብሎ ከሞላው ቤዛላችሁ በሙሉ በስድስት ሰዓት ይዛነፋል፤ ለንጋት የታሰበው ኢንሱሊን ቀትር ላይ ይገባል። የሚቻል ከሆነ 24 ሰዓት በሚቆጥረው አድርጉትና ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 07:00 ማለቱን አረጋግጡ። ከአሜሪካ የመጣ ፓምፕ የዋሽንግተንን ሰዓት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሰው የተጠቀመበት ከሆነ ደግሞ የእሱ ቤዛልና ማረሚያ ውስጡ አለ። ሁሉንም አጥፍታችሁ፣ የራሳችሁን ቅንብር ከስኳር ሐኪማችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሳታስገቡ ከሰውነታችሁ ጋር አታገናኙት።

ቤት ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው፣ መሥሪያ ቤት ደግሞ አንድ ጓደኛ፣ ፓምፑ የት እንደሚነቀል በእጁ ሞክሮ ይወቅ። ራሳችሁን ስታችሁ ቢያገኛችሁ አፋችሁ ውስጥ ምንም ሳይጨምር ፓምፑን ነቅሎ ወደ ሆስፒታል ይውሰዳችሁ፣ ፓምፑንም አብሮ ይያዘው፣ ሐኪሞቹ የመጨረሻውን ዶዝ ከእሱ ላይ ያያሉና።